ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት የሚጎበኙ ባለሙያ

ሳሪስ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። የሞተር መብራት በርቶባችሁ፣ መኪናችሁ ዳገት ላይ ጉልበት አጥሯት፣ ቤንዚን ያለ ልክ የምትጠጣ ከሆነ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂዱ።

የእኔዋ የሽሮ ሜዳን ዳገት እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። አንዱ ጋራዥ ሞተሩ ይፈታ አለ፤ ሌላው ሴንሰር ግዛ አለኝ። እሳቸው መመርመሪያቸውን ሰክተው ፒ0325 የሚል ኮድ (የሞተር ማንኳኳትን የሚሰማው ሴንሰር መስመር ችግር አለበት ማለት ነው) ሲያገኙ፣ «ይህ የሚከሰው ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን መስመር በሙሉ ነው፤ ሴንሰሩን ብቻ አይደለም» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ጥግ የቀረው ቤንዚንና አየር፣ የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት ከሙቀትና ከግፊት ብዛት በራሱ ሲነድ ሞተሩ ያንኳኳል። በሞተሩ ብረት ላይ በቡሎን የታሰረው ሴንሰር፣ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነገር በውስጡ ስላለ፣ በሴኮንድ ከ6,000 እስከ 7,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ይህን ድምፅ ለይቶ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ኮምፒውተሩም የካንዴላውን ብልጭታ በጥቂት ዲግሪ (በሞተሩ ዘንግ ዙር ልክ) ያዘገያል፤ ማንኳኳቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። መስመሩ ከተቋረጠ ግን ምንም ስለማይሰማ፣ ሞተሩን ለማዳን ብልጭታውን አዘግይቶ እዚያው ያቆየዋል። ጉልበቴንም ቤንዚኔንም የበላው ይኸው ነበር። «አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ብዙ አያንኳኳም፤ አዋሽ ስትወርድ ነው ጉዱ» ሲሉ አከሉልኝ። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር በነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ በጆሯቸው ያስተካክሉ የነበሩ ሰው ናቸው።

በማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጋር በተያያዘው የቱቦ ክፍል) ሥር በእጅ ባትሪ ሲያዩ ሽቦውን አይጥ በልታዋለች! ሴንሰሩ ደህና ነው። ሽቦውን በጥሰው የተበላውን አወጡ፣ በብየዳ ቀጥለው ሸፈኑት። ሴንሰሩ የሚያርፍበትን ብረት ጠርገው፣ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ በ20 ኒውተን ሜትር አሰሩት፤ ከላላም ከልክ በላይ ከጠበቀም በትክክል አይሰማም። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አጠገቡ ያለውን ብረት በትንሽ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሲመቱ፣ በመመርመሪያው ስክሪን ላይ የብልጭታው ዲግሪ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። መምታቱን ሲያቆሙ ተመለሰ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ያስከፈሉኝ የእጃቸውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ በሥራ ቀን በጠዋት ሂዱ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።