ሆንዳ ሲቲ125 (CT125) ሞተር ሳይክል፦ ለጠባብ የገጠር መንገድና ለወንዝ አፍ ዳርቻ

ፍጥነት ለምትወዱ ይህ ሞተር አይሆናችሁም። እኔ ግን የምወደው ጭር ባለ የገጠር መንገድ ቀስ እያልኩ ወንዙ ከባሕር እስከሚገናኝበት መውረድ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ከሲቲ125 የተሻለ ነድቼ አላውቅም። የፍሪሲዮን እጀታ የለውም፤ 4ቱንም ማርሽ በእግር ብቻ ነው የምትቀይሩት። ክብደቱ 120 ኪሎ ገደማ ነው። መንገዱ ድንገት ጭቃ ላይ ቢያልቅ ብቻችሁን ገፍታችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ይሄ በትልቅ ሞተር የማይታሰብ ነገር ነው። ድምፁም ለስለስ ያለ ስለሆነ ረግረጉ ላይ የሚለቅሙት ወፎች ብዙም አይደነግጡም (እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ እገዛው ነበር)።

ታንኩ 5.3 ሊትር ብቻ ይይዛል። ቤንዚን ቆጣቢ ቢሆንም ማደያ በሌለበት ዳርቻ ቀድማችሁ ሙሉት። ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥማችሁ ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል፣ ዳገት ላይ በተለይ።

ሞተሩ የማያድናችሁ ነገር የባሕሩ ሙላት ነው። በብዙ ቦታ ውሃው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ተመልሶ ይሞላል፣ ደረቅ ሆኖ ያለፋችሁበት ዝቅተኛ መንገድ ስትመለሱ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሙላቱን ሰዓት ሳታዩ አትውጡ። የጎን መቆሚያው አሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ ጠፍጣፋ እንጨት ያዙ። ቤት ስትደርሱ ጨዉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ካቴናውንም ዘይት ቀቡት።