የጓደኛዬ ድጉስ ደብተር ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ልገላገል፣ ሰሪዋ ጓደኛዬ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ስለዚህ ታዳላለች የምትሉ በሉ። ግን ደብተሩን በነፃ አልሰጠችኝም፣ 850 ብር በቴሌብር ልኬ ነው የገዛሁት፣ ጓደኝነት ቅናሽ እንኳን አላመጣልኝም፣ እና ስምንት ወር ሙሉ የእቁባችንን ሂሳብ ስጽፍበት ስለኖርኩ ደጉንም ክፉንም የማወራው እኔ ነኝ።

ነገርየው በእጅ የተጠረዘ ደብተር ነው። ሽፋኑ የዋንዛ ጣውላ ሆኖ ላዩ ቀይ የበግ ቆዳ ለብሷል፣ ዳር ዳሩን በጋለ ብረት የተጫነ መስመርና ሐረግ አለው፣ ድጉስ የሚባለው ይሄ ነው፣ ቤተክርስቲያን አሮጌ ዳዊት ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። መልኩ ብቻ አይደለም አሰራሩም የዳዊቱ ነው። ጀርባው ላይ ኮላ የሚባል ነገር የለም፣ ጥራዞቹ እርስ በርስ እንደ ሰንሰለት በክር እየተያያዙ ይሄዱና ክሩ ጣውላው ላይ በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ይታሰራል፣ በቃ። ጥቅሙ የገባኝ እቁብ ስንሰበስብ ነው፣ ገልጬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ዝርግት ብሎ ይቀራል፣ እንደ ሱቁ ደብተር በክርኔ ልጫነው ምናምን የለም፣ በአንድ እጄ ብሩን ይዤ በአንድ እጄ ስም እጽፋለሁ። እስካሁን አንድ ወረቀት አልተገነጠለም፣ ሃያ ሁለት ሰው እየነጠቀ የራሱን ስም ሲፈልግበት።

ሙያው የአባቷ ነው። መሪጌታ ናቸው፣ በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ፣ ከየደብሩ ጥራዙ የላላ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ እየመጣላቸው ቤታቸው ይጠግናሉ። እኛ ለጥናት ብለን ሄደን ሻይ ስንጠጣ እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ክር ታቀብል ነበር፣ ያኔ እንደ ውሃ መቅዳት ያለ የቤት ስራ ነበር የሚመስለን። አካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከቆየች በኋላ ነው እንግዲህ ደብተር ልስራ ያለችው።

መሪጌታ መጀመሪያ ሲሰሙ «የዳዊትን ልብስ ለዱቤ መዝገብ ልታለብሽው ነውዴ?» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይከፋል፣ ሶስት ሳምንት ያህል ስለ ጉዳዩ ቃል አልተነፈሱም። ከዛ አንድ ቀን ጠዋት የራሳቸውን ብረቶች አቀበሏትና «መስቀሉን ግን አትነኪውም፣ ሰው ምን እንደሚጽፍበት አታውቂም» አሏት። የድጉስ ሽፋን ስታዩ መሀሉ ላይ ትልቅ መስቀል ነው ያለው አይደል፣ የእሷ ደብተር ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። ሐረጉ ዙሪያውን ይሄድና መሀሉ ልሙጥ ቆዳ።

ለዚህ ባዶ ቦታ ከፍላበታለች። ባሕር ዳር ለቱሪስት እቃ የሚሸጥ ሰው መስቀል ያለበት አርባ ደብተር አዘዛት፣ ግማሹን ቀብድ ሊልክ ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ እምቢ አለች። «አባዬ ይቀየመኛል» ነው መልሷ። አንች አብደሻል እንዴ ብዬ ጮኬባታለሁ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ እኮ ነው! ዛሬም ገንዘቡ ሲታወሰኝ ይቆጨኛል፣ ግን የእኔን ደብተር ሳየው መሀሉ ላይ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ወዝ አውጥቷል፣ እና መስቀል ቢሆን ኖሮ እንደዛ ይዤ እቁብ ላይ ስከራከርበት ደስ አይለኝም ነበር።

የቆዳውን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ ለፋሲካ ሰው ሁሉ ያርድና ቆዳው ዋጋ ስለሌለው ቦይ ለቦይ ይጣላል፣ ይሄን አይታ በነፃ አገኘሁ ብላ አስራ አንድ ቆዳ ለቅማ ጓሮ ጨው ነስንሳ ከመረችው። ሽታውን አልነግራችሁም። ጎረቤት ቀበሌ እከሳለሁ እስኪል ደረሰ፣ በመጨረሻ ባጃጅ የሚጭንላት አጥታ በአህያ ጋሪ ነው ያወጣችው። ከዛ ወዲህ የለፋ ቆዳ ከመርካቶ በአውቶቡስ ታስመጣለች፣ ዋጋው የጨመረውም በዚህ ነው። በ2015 መጨረሻ ደግሞ አማራ ክልል ላይ ሞባይል ዳታ ሲዘጋ ቴሌግራም ላይ የነበራት ደንበኛ ሁሉ ባንዴ ጠፋ፣ ስልክ ቁጥር የያዘችላቸውን አንድ በአንድ እየደወለች ነው የቀጠለችው፣ እኔም የገዛሁት ያኔ «ደብተር አትፈልጊም?» ብላ ደውላ ነው፣ እንዴት አልፈልግም ይባላል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ይከብዳል፣ ጣውላ ነው እኮ፣ ቦርሳ ውስጥ ከሊትር ውሃ ጋር ከያዛችሁት ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ወረቀቱ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ነው፣ በእስክሪብቶ ምንም አይልም በፓርከር ከሆነ ግን ወደ ጀርባው ያሳልፋል፣ ለዚህ ዋጋ የተሻለ ወረቀት ይገባው ነበር፣ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ትላለች አታደርገውም። በሰዓቱም አታደርስም፣ አስር ቀን ካለቻችሁ ሃያ ቁጠሩ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ ዳዊት የሚያዝበትን ዓይነት የቆዳ ማኅደር በ300 ብር ለብቻው ትሸጣለች፣ እሱን ግን ሳታቅማሙ ውሰዱ፣ እኔ ከደብተሩ ጋር ስልኬንም ፓወር ባንኬንም እከትበታለሁ፣ አባቷ ይሄን እንዳያዩ እንጂ።

ስታዙ ቀይ ወይ ጥቁር ብላ ትጠይቃችኋለች። ቀዩ ያምራል፣ እኔም እሱን ነው የወሰድኩት፣ ግን ላብ ወይ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን ወደ እቁብ ስሄድ ብብቴ ስር ይዤው አዲስ ነጠላዬን ቀይ ጥለት ጨመረበት። ነጭ የምታዘወትሩ ጥቁሩን በሏት።