ትንሿን ትራክተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። ስህተት ካያችሁ እለፉት። ትናንት ከሻጮቹ ግቢ እንደወጣሁ ታክሲ ውስጥ ጀምሬው ነበር፤ ሁሉም ስድብ ሆነብኝና አጠፋሁት። ዛሬ ትንሽ ይሻላል። ትንሽ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለአባቴ ባለ 28 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር ገዛሁ። አራት ጎማ፣ ቀይ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን ያልተነሳ። 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር። ባለሁለት ዲስክ ማረሻዋ ለብቻ 140 ሺህ። ከአዲስ አበባ ምንጃር ድረስ የጫናት አይሱዙ 24 ሺህ። ብሩ የእኔ ነው፣ የወንድሜ ነው፣ የቀረው ደግሞ የአባቴ የሁለት በሬዎች ዋጋ ነው። አራት በሬ ነበረው። «ትራክተር እያለህ አራት በሬ መቀለብ ምን ይሠራልሃል?» ብዬ ሁለቱን ያሸጥኩት እኔ ነኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስም አልጠራም። መስታወት ያለው ቢሮ፣ በር ላይ የተደረደሩ ቀይና ሰማያዊ ማሽኖች፣ ግድግዳ ላይ ማለቂያ የሌለው የስንዴ ማሳ ፎቶ፣ ክራቫት ያሰረ ፈጣን ልጅ፣ ሳትጠይቁ የሚመጣ ቡና። ከ2011 ወዲህ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይታሰብም ይላችኋል። ዶላሩ ሰኞ ይጨምራል ይላችኋል። ሦስት ናቸው የቀሩት፣ ሁለቱ ተይዘዋል ይላችኋል። ሦስተኛዋ ሁልጊዜ የናንተ ናት።

ይሄን ሁሉ ነቅቼበታለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም ብዬ ነበር የገባሁት። 18 ዓመት አዲስ አበባ ኖሬያለሁ። ስልክ ስገዛ እንኳን ሦስት ሱቅ እዞራለሁ። ለትራክተር ግን አንድ ቦታ ገባሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ አለቀ።

«መሬታችን መረሬ ነው» አልኩት ልጁን። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው ያልኩት። መረሬ ማለት ጥቁሩ ሸክላ አፈር ነው፤ ምንጃርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ላይ ጫማ ይነጥቃል። አገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ጥቁር አፈር አለ ይባላል፤ ትራክተር የሚሸጥ ሰው ይሄን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው? ልጁ ግን ሳቀ። «ጋሼ፣ እንኳን መረሬ አስፋልት ትገለብጣለች። ይምጡ ላሳይዎት።»

ከቢሮው ጀርባ ወሰደኝ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ የምታክል ባዶ ቦታ አለች፣ አፈሯ ቀይ። ሹፌሩ ወጣ፣ አስነሳ፣ ማረሻውን አወረደ። አፈሩ እንደ ጭኮ እየተቆረሰ ተገለበጠ። ሞተሩ ድምፁን እንኳን አልቀየረም። ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። እኔ ስልኬን አውጥቼ እቀርጻለሁ። ቪዲዮውን እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ላክሁለት፤ እሱ ለአባቴ አሳየው።

አንድ ነገር አይቼ ነበር። አጥሩ ጥግ ላይ የውሃ ጎማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጫፉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ የሚባል የለም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለአቧራው ነው ጋሼ። ልብስዎ እንዳይበላሽ ብለን ነው።»

አመሰገንኩት። እስቲ አስቡት፣ ለልብሴ ስለተጨነቀልኝ አመሰገንኩት! ልንዳት ስለው ኢንሹራንሱ ደንበኛን አይሸፍንም አለኝ። እሺ አልኩ። ሲፒኦውን ያሠራሁት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው።

ምንጃር ስትደርስ መንደሩ ወጣ። አባቴ በደርግ ጊዜ ቤላሩስ ያየ ሰው ነው፣ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን። ትንሿን ዞራት። ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «ጥጃ ናት» አለ።

«አባ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አልኩት። በዚህ አፌ።

የመጀመሪያው ቀን ዲስኩ መሬቱን ላጨው እንጂ አልገባም። ጥልቀቱን ጨምር አልነው ለሹፌሩ። ሲጨምር የኋላ ጎማዎቹ በቦታቸው ይሽከረከራሉ። የባሰ ሲያወርደው የፊቷ ጎማዎች ከመሬት ብድግ አሉ። ሕፃናቱ አጨበጨቡ። ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ሞልተን አፍንጫዋ ላይ አሰርን። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ። እስከ ማታ ግማሽ ጥማድ አልሞላልንም፤ ያውም የተጫረ እንጂ የታረሰ አይባልም። ናፍታውን ደግሞ በጀሪካን ለመቅዳት ከወረዳ ደብዳቤ አጽፌ፣ ተሰልፌ ያመጣሁት ነው።

ሰኔ ገብቶ ሲዘንብ ዳግም ሞከርን። ሰመጠች። እስከ ሆዷ። ጎትተው ያወጧት የአባቴ የቀሩት ሁለት በሬዎች ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

አርሲ ውስጥ ትልቅ ትራክተር የሚነዳ ዘመድ አለን። በስልክ ነገርኩት። ብዙም አልገረመውም። «28ቱ ሞተሩ ላይ ነው እንጂ ማረሻው ጫፍ ላይ አይደለም። ክብደቷ ስንት ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አየሁ፤ ከአንድ ቶን ብዙም አትርቅም። «ጎማ መሬት የሚይዘው በክብደት ነው ወንድሜ። እኔ ሦስት ዲስክ የምጎትተው ከ100 ፈረስ በላይ በሆነ ማሽን ነው፣ ክብደቱም የሷን አራት እጥፍ ነው።» ጎማዋ ውስጥ ውሃ ሙሉ፣ የብረት ክብደት እሰሩባት፣ ይሻላታል፤ መረሬ ግን አትጠብቁ አለኝ። ይሄን በአምስት ደቂቃ ነው የነገረኝ፣ በነፃ። ክራቫት ያሰረው ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ማሽኗ መጥፎ አይደለችም። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው አገናኙኝ፣ የኔዋን እህት የያዘ። ይምልባታል። አፈሩ ቀላል፣ አሸዋማ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ትልቅ ትራክተር ተከራይቶ ያስገለብጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ ትሠራለታለች፤ ታለሰልሳለች፣ መስመር ታወጣለች፣ ውሃ ትስባለች፣ ምርት በጋሪ ታወጣለች። «በሬ ትተካለች ብዬ አልገዛኋትም» አለኝ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ሚያዝያ ላይ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ።

እና ትናንት ሄድኩ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ደረሰኝ ይዤ።

ብሩ እስኪገባ «እርስዎ» ነበርኩ። ትናንት «አንተ» ሆኛለሁ። ልጁ መጀመሪያ ያላወቀኝ መሰለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ጠራው። ሰውየው ወንበር ሳያሳየኝ ጠየቀ።

«ተበላሽታለች?»

«አልተበላሸችም።»

«ትነሳለች?»

«ትነሳለች፣ ግን...»

«ታዲያ ምን እናድርግልህ?»

መረሬ ታርሳለች ብላችሁኝ ነበር አልኩ። ፋይል አወጣ። የርክክብ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «በተግባር ስትሠራ ተመልክቼ፣ ተስማምቼ ተረክቤያለሁ»። ፊርማው የኔ ነው። አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሹፌሩ «ፍጠን፣ መንገድ ይዘጋብኛል» እያለኝ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ የፈረምኩት። ሳላነብ።

«መጽሐፉም ተሰጥቶሃል። ለምን ዓይነት አፈር እንደሆነች እዚያ አለ።»

«በእንግሊዝኛ ነው።»

«ታዲያ በግእዝ ይጻፍልህ?»

ሜካኒኩ ሳቀ። ቡና የምታቀርበዋ ልጅ ሳቀች። እኔም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሰው ሲያፍር ፈገግ ይላል መሰለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ ቁጭ በል። ኢንጂነሩ ይመጣል። ምናልባት ዲስኩን በሮታቬተር እንቀይርልህ ይሆናል፣ ትንሽ ጨምረህ።» ቁጭ አልኩ። የፕላስቲክ ወንበር፣ ከኋላ መስኮቱ አጠገብ። ሮታቬተር፣ ያ አፈር የሚያለሰልሰው መሣሪያ፣ ቢሰጡኝ ቢያንስ በሬዎቹ የከፈቱትን ማለስለስ ትችላለች እያልኩ በሐሳቤ ሒሳብ እሠራለሁ።

በመስኮቱ ሳይ ዘበኛው መጣ። ጥግ ሄደ። ጎማውን ዘረጋና ያችን ሜዳ ማጠጣት ጀመረ። ቸኩሎ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ጎመን እንደሚያጠጣ ሰው፣ እየመለሰ። ሲጨርስ ጎማውን ጠቀለለ፣ ጥግ አስቀመጠ። ለአቧራ ቢሆን ረጨት ረጨት ያደርጋል። ይሄ ግን አፈሩ እስኪጠግብ ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ልጁ አንድ አባት ይዞ ወጣ። ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። አጠገባቸው ወጣት ልጃቸው፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። እኔ እንደቆምኩት ቆሞ። ሹፌሩ አስነሳ፣ ማረሻውን አወረደ። አፈሩ እንደ ጭኮ ተገለበጠ። ስንት መቶ ጊዜ የታረሰ አፈር ነው እሱ? ማንኪያም ይገለብጠዋል እኮ።

የሚቀጥለውን መጻፍ ይከብደኛል።

አባትየው ቡና ሊጠጡ ገቡ። አጠገቤ ተቀመጡ። እጄ ላይ ያለውን ደረሰኝ አዩና «ልጄ፣ አንተም ከነዚህ ነው የገዛኸው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«እንዴት ናት?»

ክራቫት ያሰረው ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ዝም ብሎ አየኝ። ሮታቬተሩ ትዝ አለኝ።

«ደህና ናት» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ።

ኢንጂነሩ አልመጣም። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን መብራት እያጠፉ ነገ ና አሉኝ። ዛሬ ስደውል ኢንጂነሩ ፊልድ ወጥቷል። ሮታቬተር ማን ነው ያለህ ይሉኛል።

ሕግ የተማረ ጓደኛዬም ብዙ ተስፋ አልሰጠኝም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (813/2006) ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛውን ነው፣ ትራክተር የማምረቻ ዕቃ ነው ብለው ይከራከሩሃል አለኝ። በውል ሞክር፣ ግን ርክክቡ ላይ ፈርመሃል። ማሽኗ አልተበላሸችም፤ የተበላሸው ንግግሩ ነው፣ ንግግር ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ሁለቱን በሬዎች የገዛቸው ጎረቤታችን ነው። ጠዋት ጠዋት ዳመናና ቦራ አጥራችንን አልፈው የሰው ማሳ ሊያርሱ ይሄዳሉ። ወንድሜ እንደሚለው አባቴ ያን ሰዓት ከቤት አይወጣም። ጤፍ ለመዝራት አንድ ወር አልቀረንም።

ምክር የምትሉ ከሆነ ይኸው። መሬታችሁ ላይ ካልታረሰ አትክፈሉ፤ ማጓጓዣውን ከፍላችሁም ቢሆን እናንተው ማሳ ላይ ይምጣ። ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ኪሎውን ጠይቁ። ርክክብ ወረቀት ላይ «መረሬ ታርሳለች ተብዬ» ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ። በሬ አትሽጡ፣ ቢያንስ አንድ ክረምት እስኪያልፍ።

ትናንት ስትቀርጽ የነበርከው ልጅ ግን፣ ነጭ ሹራብ የለበስከው፣ አባትህ ባለጋቢው። ስልክ ላይ የምትውል ስለምትመስል ይደርስህ ይሆናል። «ደህና ናት» ያለው ሰውዬ እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው። የከፈላችሁት ቀብድ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ አትመለሱ። እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ቪዲዮህን መልሰህ እየው፤ በስተግራ አጥሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ የውሃ ጎማ አለ።