ደብረ ብርሃን ላላችሁ እናቶችና እህቶች፦ ለሲስተራችን ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ነርስ ላመሰግን ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ ሴቶች፣ ጡታችሁ ላይ ያልለመዳችሁትን ነገር ካያችሁ ወደ እሷ እንድትሄዱም ልጠቁማችሁ። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፤ ስለዚህ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ጤና ጣቢያው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እናቴ እብጠቱን ካወቀችው ቆይታ ነበር። አያማትም። የማያም ነገር ደግሞ በእኛ ሰፈር በሽታ አይባልም። በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች፤ በቅጡ እንኳ ሳይዳስሷት «ምርቅዝ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። መድኃኒቱ አለቀ፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ለደም ግፊት ክትትሏ ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን ሲስተር ግፊቷን ለክታ ስታበቃ «እማማ፣ ጡትዎ ላይ የተለየ ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ የምትጠይቀው እናቴን ብቻ አይደለም፤ ለምንም ጉዳይ ይምጡ፣ ሴቶቹን ሁሉ ትጠይቃለች። በእናቴ ዕድሜ ያሉ እናቶች ካልተጠየቁ አያወሩም።

እኔም አብሬ ስለነበርኩ አይቻለሁ። መጋረጃውን ሳበች፣ እጇን አሻሽታ አሞቀች፣ እናቴን ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ አስነስታ መጀመሪያ በዓይኗ አየች፤ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መስሎ እንደሆነ፣ የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ። ከዚያ ሦስት ጣቶቿን ገጥማ በዝግታ እያዞረች ጡቱን በሙሉ ዳሰሰች። ጤነኛውንም ጡት፣ ብብቷንም አልዘለለችም። ስትጨርስ «ካንሰር ነው አልልዎትም፣ አይደለምም አልልዎትም። ናሙና ሳይወሰድ ማንም አያውቀውም» አለቻት። አንቲባዮቲኩን ያዘዙልን ሰዎች ያላሉን ይህንን ነው።

እናቴ ፈራች። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ሲባል ስትሰማ ነው ያደገችው። ሲስተር አልተቆጣቻትም፣ አልሳቀችባትምም። ሰው ዘግይቶ ሲታከም በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ያሰራጨው እንደሚመስል፣ እንደ እውነቱ ግን መርፌው እንደማያሰራጨው አስረዳቻት። ጸበል መሄድ እንደምትፈልግ ስትነግራትም «ይጠመቁ እማማ፣ ቀጠሮውን ግን እንዳይቀሩ» አለቻት። እናቴን ያሳመናት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱን ምረጪ አላለቻትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲስተር የላከቻቸውን ሴቶች ሁሉ የምትመዘግብበት ደብተር አላት። በስኬል አስምራዋለች፦ ስም፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ሪፈር የተጻፈበት ቀን፣ ናሙና የተወሰደበት ቀን፣ ውጤት፣ ሕክምና የተጀመረበት ቀን። ባዶ የሆነ ቦታ ካየች ስልክ ታነሳለች። የእናቴ ውጤት ሲዘገይ እኛ ገና «ይደውሉልናል» ብለን ቁጭ ባልንበት እሷ ሆስፒታሉ ጋ ደውላ መድረሱን አረጋግጣ «ነገ ሂዱና ውሰዱ» አለችን። በአገራችን ብዙ ሴት የሚጠፋው እዚህ መሃል ነው። ሪፈር ተጽፎ ሳይሄዱበት ይቀራል፣ ናሙና ተሰጥቶ ውጤት የሚቀበል አይኖርም፣ ውጤት ተይዞ የትራንስፖርት ገንዘብ ይታጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የጡት ካንሰር ዕቅድ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይላል። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ደብተሩን የምትከታተለውም ቀኑን እየቆጠረች ነው።

እናቴ ላይ የተገኘው ካንሰር ነበር፣ ግን ገና ከጡቷ አልወጣም ነበር። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞዋን ጨረሰች፣ አሁን ለካንሰሩ በየቀኑ የምትውጠው ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን ብቻ ነው። ጥቁር አንበሳ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን የነበሩ እህቶች አብዛኞቹ ቁስሉ ከወጣ በኋላ የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ። የጡት ካንሰር የአሮጊት በሽታ የሚመስላችሁ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፤ እኛ አገር በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን በብዛት ይይዛል።

ወደ ሲስተር ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልጨምር። የወር አበባ የምታዩ ከሆነ ከጀመራችሁ ከሳምንት በኋላ ሂዱ፣ ያን ጊዜ ጡት ስለሚለሰልስ ለመዳሰስ ይመቻል። እብጠት ካገኛችሁ ግን ቀን አትምረጡ፣ በማግስቱ ሂዱ። ከጡት ጫፍ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካያችሁም እንደዚያው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ በዚያው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጉልኝ በሏት። የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ነው) ቀብተው በዓይን የሚያዩት ነው፣ ውጤቱንም እዚያው ይነግሯችኋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተራችሁን አትርሱ። መድህኑ ትልቁ ሆስፒታል ድረስ እንዲሸፍንላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፤ በቀጥታ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላችሁ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። ልጃቸውን ማቲዎስን በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ያጡት ወላጆቹ ያቋቋሙት ድርጅት ነው፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ አለው። እኛ አክስቴ ቤት ስለነበርን አላረፍንበትም፤ ከእናቴ ጋር ኬሞ ትወስድ የነበረች እናት ግን እዚያ ሆና ነው ሕክምናዋን የጨረሰችው።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ ስምሽን ሳትጠራ ጸሎቷን አትጨርስም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።