የአባቴ ላንድክሩዘርና ራዲያተር ውስጥ የገባው ዘይት

ከስቶክሆልም አዲስ አበባ የመጣሁት ለ4 ሳምንት ነበር። አንዱን ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ላገኘሁት አገልግሎት ምስጋናዬን ልጽፍ ወደድኩ።

የአባቴ መኪና ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያላት አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ሸኖ ላይ ሞቀች። እስክትቀዘቅዝ ጠብቀን የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው ላይ ጥቁር ዘይት ተንሳፍፏል። ክዳኑ ላይም እንደ ቅቤ የረጋ ነገር ተለጥፏል። አባቴ ዝም ብሎ አየው። እኔንና እህቶቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት መኪና ናት።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ወዲያው «ጓርኒሲዮን ተበልቷል፤ ቴስታታው ይወርዳል» አለን። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ። ምንም ነገር አልለካም። ከውጭ መምጣቴን ሲሰማ ደግሞ ዋጋው ጨመረ። መኪናችንን ይዘን ወጣን።

ሁለተኛውን የጠቆመን ጎረቤት ነው። ጎተራ አካባቢ ያለ ትንሽ ጋራዥ ነው፤ ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዘው አዩ። ዘይቱ ንጹህ ነው፤ ውሃ የሚባል አልነካውም። «ልጄ፣ ዘይት ውሃው ውስጥ ገብቶ ውሃ ግን ዘይቱ ውስጥ ካልገባ፣ ቴስታታ ከማውረዴ በፊት የዘይት ኩለሩን አያለሁ» አሉኝ። ኩለሩ የሞተሩን ዘይት በራዲያተሩ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ክፍል ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ይበልጣል። ኩለሩ ከተበሳ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገፋል። ጓርኒሲዮኑ አለመበላቱን ለማረጋገጥ የ6ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊት) ለኩ፤ ደህና ነው። ሞተሩ እየሠራም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አልታየም።

ኩለሩን ፈትተው አየር ሞሉትና ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ከአንዱ ጥግ ቀጭን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ፊቱ በራ። ለዓመታት በኩላንት (ዝገት በሚከላከለው ባለ ቀለም የራዲያተር ፈሳሽ) ፋንታ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሮ ዝጎ ነው የተበሳው።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኩለር አግኝቼ ነበር። እሳቸው ግን እሺ አላሉም፤ አዲስ እስኪገኝ 2 ቀን ጠበቅን።

ከሁሉም በላይ ያደነቅኩት እጥበቱን ነው። ዘይቱ በደንብ ካልወጣ ውሃውን እንደገና ያበላሸዋልና ብዙ ቦታ የሚዘለል ሥራ ነው። ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ክፍል) አውጥተው፣ ሞተሩን እያሞቁ፣ በሳሙና 6 ጊዜ አጠቡት። ጎማ ዘይት ሲጠጣ ስለሚያብጥና ስለሚለሰልስ የራዲያተሩን ቱቦዎችም ቀየሩ።

ቅሬታ አለኝ። «ነገ ይደርሳል» 3 ጊዜ ተብያለሁ። ስልክም አያነሱም። የመመለሻ ቀኑ ለቀረበ ሰው ይህ ከባድ ነው። የእጅ ዋጋውን ግን ሥራው ሳይጀመር ነገሩኝ፤ አንድ ብር አልጨመሩም። የተበሳውን ኩለርም በፌስታል አድርገው ሰጡን።

ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ሁለት ጊዜ ደርሰን ተመልሰናል። ትናንት ከስቶክሆልም ስደውል አባቴ ከሰላምታው በፊት «ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፤ ንጹህ አረንጓዴ ነው» አለኝ።