ክሮምን ልቀቁ ሲሏችሁ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳትገቡ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። ሰሞኑን አንዳንድ ሞባይል ቤቶችና ኮምፒውተር ጠጋኞች አዲስ ገበያ ጀምረዋል። ላፕቶፕ ልታስጠግኑ ወይም የስልክ መስታወት ልታስቀይሩ ስትገቡ «አሁንም ክሮም ነው እንዴ የምትጠቀመው?» ይሏችኋል። ክሮም ያው ኢንተርኔት የምትከፍቱበት የጎግል ብራውዘር ነው። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ጎግል ይሰልልሃል፣ መረጃህን ይሸጣል፣ ዳታህን ይጨርሳል፣ እኛ ጋ ግን ማስታወቂያ የማያሳይ፣ ቪፒኤን ያለው፣ ዳታ የማይበላ «ፕሪሚየም» ብራውዘር አለልህ፣ ለላፕቶፕ 500 ብር፣ ለስልክ 200 ብር።

እንዳትከፍሉ።

ፋየርፎክስ የሚባለው ብራውዘር በነጻ ነው። ብሬቭ በነጻ ነው። ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ቪቫልዲም እንደዚያው። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ሄዶ ቢያስጭንና ለጫኙ የድካሙን ቢሰጥ ነውር የለውም። እኔን ያስጻፈኝ የሚጭኑት ነገር ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክሮሟን አጥፍተውላታል። በቦታው የክሮምን ምልክት የሚመስል፣ ቀለሙ ብቻ ትንሽ የተቀየረ ነገር ተቀምጧል። ገና ሲከፈት ፊት ለፊት የውርርድ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የለውም ተብሎ የተሸጠው እንግዲህ ይሄ ነው። አንድ ነገር ልፈልግ ብላ ስትጽፍ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ መፈለጊያ ይመጣል፣ ወደ ጎግል ልመልሰው ብትል እምቢ። ሦስቱን ነጥቦች ተጭኜ ወደ ታች ስወርድ «ብራውዘርዎ በድርጅትዎ ነው የሚተዳደረው» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። የምን ድርጅት? ልጅቷ ተማሪ ናት።

ይህን ጽሑፍ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ብታዩት አትደንግጡ፣ የአይቲ ክፍሉ ሠራተኛው እንዳይነካካው የቆለፈው ነገር አለ ማለት ነው። አንዳንድ አንቲቫይረስም ያመጣዋል። የግል ላፕቶፕ ላይ ያለ ምክንያት ከታየ ግን አንድ ፕሮግራም ለድርጅቶች በተሠራው ቁልፍ ገብቶ፣ የራሱን ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አስቀምጦ፣ እናንተ እንዳታወጡት በሩን ከውስጥ ዘግቶታል። እሷም ብታጠፋው የማይጠፋላት ለዚህ ነበር።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ዳውንሎድ ፎልደሯ ውስጥ «ክሮም ፓስወርድስ» የሚል ፋይል ተኝቷል። ክሮም ውስጥ ያስቀመጣችኋቸውን ፓስወርዶች በሙሉ ወደ ውጭ ላውጣ ካላችሁ እንዲህ ያለ ፋይል ነው የሚወጣላችሁ፣ በኤክሴል ይከፈታል። አንዱ ዓምድ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ፣ ቀጥሎ የተጠቃሚ ስም፣ ቀጥሎ ፓስወርዱ ምንም ሳይሸፈን። ጂሜይሏ፣ ፌስቡኳ፣ የትምህርት ፖርታሏ ሁሉም እዚያ ተደርድሯል። ፋይሉን ለማውጣት ዊንዶውሱ ፒን ይጠይቃል፣ ፒኑን ደግሞ ላፕቶፑን ስታስረክብ ራሷ ነግራቸዋለች። ሁላችንም እንነግራለን፣ ካልነገርን «ሳይከፈት እንዴት ልሥራው» ነው የሚሉት።

ሱቁ ሄደን የጫነላትን ልጅ ጠየቅነው። «ወደ አዲሱ ለማዛወር ነው እኮ እህቴ፣ ባክአፕ ነው» አላት። ፍላሽህ ላይስ አለ? «የሰው ፓስወርድ ምን ያደርግልኛል!» አለ። መልስ ነው ይሄ? ብሩን መልስ ስንለው «ሠርተን አስረክበናል፣ ሶፍትዌር አይመለስም» ሆነ ነገሩ። ደረሰኝም አልቆረጠላትም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ለሸጠው ነገር ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እና 500 ብር ከፍላችሁ ስትወጡ ደረሰኝ ጠይቁ። ፊቱ ሲለወጥ ብቻ ብዙ ነገር ይገባችኋል።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ሌባ አይመስለኝም። ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ያወረደውን ነው ለሁሉም የሚጭነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተዘግቶብን በነበረ ጊዜ አፕ ከሰው ስልክ በዜንደር መቀባበል ለምደናል፣ ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። ልማዱ ግን ዳታው ከተመለሰም በኋላ አልለቀቀንም።

ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ይብሳል። ሰው በጀልባ ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ጎረቤት አለኝ። እሱም 200 ብር ከፍሎ «የማይሰለል» ብራውዘር አስጭኖ መጣ። ከፕሌይ ስቶር የወረደ አይደለም፣ ኤፒኬው (የአፑ ፋይል) በቀጥታ ነው የተጫነው። ሴቲንግ ገብተን የፈቀደለትን ስናይ ኤስኤምኤስ ማንበብ አለበት፣ በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ መታየት አለበት። ብራውዘር የእናንተን ኤስኤምኤስ ምን ሊሠራበት ነው? ባንክ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክላችሁ በኤስኤምኤስ ነው። በሌላ አፕ ላይ ተደርቦ መታየት የሚችል ነገር ደግሞ የባንካችሁን መግቢያ የሚመስል ገጽ ከላይ ደርቦ ፒናችሁን ሊያስጽፋችሁ ይችላል። ጎረቤቴ ገንዘብ አልጠፋበትም፣ ግን ይህን ፈቃድ የጠየቀ ብራውዘር ስልካችሁ ላይ ካለ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ አጥፉት።

እሺ፣ ይሄ ስለ ሱቆቹ። ክሮምን መልቀቁስ ያስፈልጋል ወይ?

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ስለ ክሮም ከሚነግሯችሁ ግማሹ እውነት ነው። ጎግል ክሮምን ያወጣው በ2008 ነው፣ ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ በክሮም ነው ኢንተርኔት የሚከፍተው። ጎግል ደግሞ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ገጹን የሚከፍትላችሁና ገጹ ላይ ማስታወቂያ የሚሸጠው አንድ ቤት ሆነ ማለት ነው። «መረጃህን ይሸጣል» የሚለው በትክክል ከተነገረ፣ ስማችሁንና ታሪካችሁን አውጥቶ ለሰው አይሸጥም፣ ስለ እናንተ የሚያውቀውን ይዞ ማስታወቂያው ለማን ይታይ የሚለውን ነው የሚሸጠው።

ቃሉን ጠብቋል ወይ ብትሉኝ ግን ብዙም አልጠበቀም። በኢንኮግኒቶ የምንከፍተውን ሳይቀር ይሰበስባል ተብሎ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሰሰ፣ በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መረጃዎችን ለመደምሰስ ተስማማ። ስለዚህ ኢንኮግኒቶ ከባልና ከሚስት ይደብቃችሁ ይሆናል እንጂ ከድረ ገጾቹ አይደብቃችሁም። እንደገና በ2020 መጀመሪያ ከገጽ ገጽ እየተከተሉ የሚሰልሉትን ኩኪዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ አለ። አራዘመ፣ አሁንም አራዘመ፣ በ2024 ሐሳቡን ቀየረ። ፋየርፎክስና ሳፋሪ እንዲህ ያሉ መከታተያዎችን ሳትጠይቋቸው ነው የሚያግዱት።

ለእኛ ኪስ ቅርብ የሆነው ግን የማስታወቂያ ማገጃው ጉዳይ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባል ነጻ ኤክስቴንሽን አለ፣ ማስታወቂያውን ከመውረዱ በፊት ነው የሚያስቀረው። ክሮም የኤክስቴንሽን ሕጉን ቀየረና ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ኤክስቴንሽን ደረጃ በደረጃ ዘጋው፣ የቀረው አቅሙ የተቀነሰ «ላይት» የሚባለው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው አሁንም ይሠራል። ደግሞ ስልክ ላይ! የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን የሚባል ነገር አይቀበልም፣ የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ይቀበላል። በሜጋባይት ፓኬጅ እየገዛ ዜና ለሚያነብ ሰው፣ በራሱ ብር የሚጫወት የቪዲዮ ማስታወቂያ ቢቀርለት ትንሽ ነገር አይደለም። እንግዲህ «ማስታወቂያ የማያሳይ፣ ዳታ የማይበላ» ብለው 200 ብር የሚጠይቁበትን ነገር በነጻ፣ በአምስት ደቂቃ፣ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

አማራጮቹንም ግን እንደ ጻድቅ አትዩዋቸው። ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራ፣ ቪቫልዲ፣ የሳምሰንጉ ብራውዘር፣ ውስጣቸው ክሮሚየም ነው፣ ክሮም የተሠራበት ያው ሞተር። ቀለም የተቀየረ ሚኒባስ በሉት። የጎግልን ክትትል የቀነሱ አሉባቸው፣ ብሬቭ ለምሳሌ የራሱ ማገጃ ከውስጡ ተሠርቶለታል። እሱም ቢሆን በ2020 ሰዎች የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ ድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፉ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ሲቀጥልበት ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል። ኦፔራን በ2016 የቻይና ባለሀብቶች ስብስብ ገዝቶታል። ዩሲ ብራውዘርን አብዛኞቻችን ድሮ ተጠቅመንበታል፣ የተጠቃሚን መረጃ በደካማ ጥበቃ እየላከ እንደነበር በ2015 በጥናት ተጋልጧል፣ ሕንድ ደግሞ በ2020 ከሌሎች የቻይና አፖች ጋር አገደችው። ፋየርፎክስ የራሱ ሞተር አለው፣ ባለቤቱ ሞዚላም ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው። ሆኖም አብዛኛው ገቢው የሚመጣው ጎግል ዋና መፈለጊያ ሆኖ እንዲቀመጥ ከሚከፍለው ብር ነው። አስቂኝ ነው፣ ከጎግል ሸሽታችሁ የምትጠለሉበት ቤት ኪራዩን የሚከፍለው ጎግል ነው። ቢሆንም እኔ ፋየርፎክስን ነው የምመርጠው።

ዳታ መቆጠብን በተመለከተ፣ ኦፔራ ሚኒ በእርግጥ ይቆጥባል። የሚቆጥበው ገጹ መጀመሪያ በኦፔራ ሰርቨር በኩል አልፎ፣ እዚያ ተጨምቆ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ በከፍተኛው ቁጠባ ላይ አድርጋችሁ ዜናና ስፖርት አንብቡበት፣ ባንክና ኢሜይል ግን አትክፈቱበት።

«ክሮም ሁሌም ይገዛል፣ ምን ታመጣላችሁ» የሚሉም አሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር የሚጠቀመው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በሰኔ 2022 ጡረታ አወጣው። በፍርድ ቤት ይወድቃል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ነሐሴ 2024 አንድ የአሜሪካ ዳኛ ጎግል የመፈለጊያ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ ተቆጣጥሯል ብለው ፈርደው መንግሥትም ክሮምን ይሽጥ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ በመስከረም 2025 ዳኛው መሸጥ አያስፈልግም አሉ።

እና ማን ይልቀቅ? ለአክስቴ ልጅ ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ጋር ጭኜላታለሁ። በክሮም ብቻ የሚከፈት ፎርም ሲገጥማት ክሮምንም እንድትይዝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን። ጎረቤቴን ግን ክሮምህን አትልቀቅ አልኩት። ኢሜይሉና የጉብኝት ቀጠሮው ሁሉ ጎግል ውስጥ ነው፣ ብራውዘሩን ብቻ ቀይሮ ጂሜይልንና ዩቲዩብን ይዞ መቀጠል ከጎግል ብዙም አያርቀውም፣ እየታደሰ ያለ ክሮም ደግሞ ከሐሰተኛ ብራውዘር በብዙ እጥፍ ይሻላል። እየታደሰ ያለ የምለው በምክንያት ነው። ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች አሁንም ይሸጣሉ፣ እዚያ ላይ ክሮም 109ኛው እትም ላይ ቆሟል፣ የደኅንነት ጥገናም አይመጣለትም። ሻጩ «ክሮም አለው» ቢላችሁ የስንተኛው ነው በሉት።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ በራሳችሁ እጅ አድርጉት። ስልክ ላይ ከፕሌይ ስቶር ብቻ፣ ከስሙ ሥር የተጻፈውን አሳታሚ አይታችሁ፣ ለፋየርፎክስ ሞዚላ ማለት አለበት። ላፕቶፕ ላይ ከሞዚላ ድረ ገጽ፣ መፈለጊያው አናት ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ያለበትን ሊንክ ሳትነኩ። አዲሱ ብራውዘር ሲከፈት ቡክማርካችሁን ከክሮም በቀጥታ ላምጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። የፓስወርድ ፋይል ማውጣት ግድ ከሆነባችሁ እንኳ ስትጨርሱ ፋይሉን አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም አራግፉ።

ቀድማችሁ ያስጫናችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሐሰተኛው ባለበት መሣሪያ ላይ ሆናችሁ ፓስወርድ አትቀይሩ። በሌላ ንጹሕ ስልክ መጀመሪያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ የሌላው ሁሉ መክፈቻ የሚላከው ወደ እሱ ነው፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፣ የማታውቁት መሣሪያ ገብቶ ከሆነ አስወጡ። ቀጥሎ ፌስቡክና ቴሌግራም። የባንክ ፒናችሁንም ቀይሩ። ከዚያ አፑን አጥፉ፣ ላፕቶፑ «በድርጅትዎ ነው የሚተዳደረው» ማለቱን ካልተወ ፋይላችሁን አውጥታችሁ ዊንዶውሱን ከአዲስ አስጭኑ፣ ፒኑንም ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ጊዜያዊ ቀይሩት፣ ሲሠራም አጠገቡ ቁጭ በሉ።