ሁለት ባላ፦ ናሽናልስ የትኛውን ካቸር መግዛት ነበረበት?

2018 ሊያልቅ ሲል፣ ብርዱ መግባት ሲጀምር፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር የቤዝቦል ወዳጆች አንድ ጭቅጭቅ ይዞን ነበር። ናሽናልስ ማንን ካቸር ያስፈርም? ቡድኑ ዓመቱን የጨረሰው 82 አሸንፎ 80 ተሸንፎ ነው። የካቸሩ የማት ዊተርስ ውል አልቋል። ገበያው ላይ ደግሞ ስመ ጥር ሰዎች ወጥተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር እኔ አንዱን ይዤ፣ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ሌላውን ይዞ እንነታረካለን። አጠገባችን ያሉት ስለ አርሰናል ነው የሚያወሩት። እኛን የሚያዩን እንደ ዕብድ ነው።

ያንን ክርክር መልሼ የማነሳው ውጤቱ ስለታወቀ ነው። ካቸር የሚፈልግ ቡድን ደጋፊ ዘንድሮም ከርሞም የሚገባበት ጣጣ ነው። ስሞቹ ይቀየራሉ፣ የሚሸጡት ዕቃዎች ግን ያው ናቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው በአጭሩ ልበል። ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ጭምብል አጥልቆ የሚቀመጠው ነው። በረኛ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከበረኛ ይሰፋል። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሊያመልጥ የሚሮጠውን በክንዱ የሚያስቀረው እሱ ነው። ከመምቻው ክልል ጫፍ ትንሽ ያመለጠችውን ኳስ ለስለስ አድርጎ ተቀብሎ ዳኛውን «ስትራይክ» (በመቺው ላይ የምትቆጠር ኳስ) የሚያሰኘውም እሱ ነው፤ ይህችን ጥበብ ፍሬሚንግ ይሏታል። በዚህ ላይ ተራው ሲደርስ ዱላውን አንስቶ መምታት አለበት። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ከጣት ቁጥር አያልፍም። ስለዚህ ካቸር ስትገዛ ሁልጊዜ አንዱን ይዘህ አንዱን ትለቃለህ።

ሪያልሙቶ፦ ሁሉም የሚመኘው

የእኔ ሰው ጄ.ቲ. ሪያልሙቶ ነበር። ያኔ 27 ዓመቱ ነው፤ የማያሚ ማርሊንስ ተጫዋች። በ2018 አማካዩ .277 ነበር። ይህ ማለት ከ1000 ሙከራ 277ቱን መትቶ ቤዝ ይይዛል ማለት ነው። 21 ሆም ረንም (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) ነበረው። ከሁሉ የሚገርመው ሩጫው ነው። ካቸሮች ሲሮጡ ፍሪጅ የሚገፉ ነው የሚመስለው፤ እሱ ግን እንደ ክንፍ ተጫዋች ይፈተለካል። ከጓንቱ አውጥቶ ሁለተኛ ቤዝ ለማድረስ 1.9 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

በብር ካየነው ርካሽ ነበር። ከማያሚ ጋር ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ የ2019 ደሞዙም 5.9 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ችግሩ ማያሚ የፈለገው ብር አለመሆኑ ላይ ነው። ወጣት ተጫዋቾችን ነው የፈለገው። ከናሽናልስ ኋን ሶቶን ወይም ቪክተር ሮብሌስን እንደጠየቀ በጊዜው ተዘግቧል። ሶቶ በ19 ዓመቱ .292 መትቶ 22 ሆም ረን ያስቆጠረ ልጅ ነው። እሱን መስጠት ማለት ለበሬ ብሎ እርሻውን መሸጥ ነው። እኔም ሶቶስ አይነካ፣ ሮብሌስ ግን ይሂድ ባይ ነበርኩ። የናሽናልሱ ኃላፊ ማይክ ሪዞ ሁለቱንም አልሰጥም አለ።

በፌብሩዋሪ 2019 ፊላዴልፊያ ወሰደው። የከፈለው ሲክስቶ ሳንቼዝ የተባለ ብዙ የተነገረለት ወጣት ፒቸር፣ ካቸሩ ሆርሄ አልፋሮ እና ዊል ስቱዋርት ነው፤ ከውጭ አገር ወጣቶችን ለማስፈረም የሚውል ገንዘብም ተጨምሮበታል። ሳንቼዝ በኋላ ትከሻው እምቢ ብሎት ዓመታት ባከኑበት። ሪያልሙቶ በዚያው ዓመት 25 ሆም ረን መታ፣ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማትም ወሰደ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ለአምስት ዓመት 115.5 ሚሊዮን ፈረመ። ፊላዴልፊያ አልተሳሳተም። ብሽቅ የሚያደርገው ደግሞ የእኛው ኮከብ ብራይስ ሃርፐርም በዚያው ሰሞን ወደዚያው መሄዱ ነው።

ግራንዳል፦ በዓይን የማይታየው

ያስማኒ ግራንዳል ኩባ ተወልዶ በዶጀርስ የታወቀ ነው። አማካዩ .241 ነው፤ ደጋፊ ይህን ቁጥር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔም አዙሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነው። መጥፎ ኳስ አይነካም፤ በነፃ ወደ ቤዝ ይሄዳል። ይህ ሲደመር ወደ ቤዝ የመድረስ ቁጥሩ .349 ይሆናል። 24 ሆም ረንም አለው። በፍሬሚንግ ደግሞ ከሊጉ አናት ላይ ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ፒቸሮችህ ኳስ ጫፍ ለጫፍ የሚያስኬዱ ከሆኑ እንዲህ ያለ ጓንት ወርቅ ነው።

ስሙን ያበላሸው ኦክቶበር ነው። ከሚልዋኪ ጋር በተደረገው የሊጉ ፍጻሜ ኳስ በተደጋጋሚ አመለጠው፤ ወንበር ላይም አስቀመጡት። ደጋፊ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው፤ አምስት ወር በደንብ መሥራቱ ተረሳ። በተጨማሪም ዶጀርስ ያቀረበለትን የ17.9 ሚሊዮን የአንድ ዓመት ውል አልቀበልም ስላለ፣ የሚገዛው ቡድን በየዓመቱ አዳጊ ተጫዋቾችን ከሚመርጥበት ዕድል ይቆረጥበታል። ኒው ዮርክ ሜትስ ለአራት ዓመት ወደ 60 ሚሊዮን አቅርቦለት እምቢ አለ ተብሎ ተወራ። መጨረሻ ላይ ለአንድ ዓመት በ18.25 ሚሊዮን ሚልዋኪ ገባ። ሁላችንም ሳቅንበት። እሱ በ2019 28 ሆም ረን መታ፣ 109 ጊዜ በነፃ ወደ ቤዝ ሄደ፣ ከዚያም ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር በ73 ሚሊዮን ለአራት ዓመት ፈረመ። የመጨረሻዋን ሳቅ የሳቀው እሱ ነው።

ራሞስ፦ የልብ ሰው

ዊልሰን ራሞስ የጓደኛዬ ምርጫ ነው። ከእሱ ጋር በቁጥር መከራከር አይቻልም፤ የሚከራከረው በፍቅር ነው። ራሞስ ከ2010 እስከ 2016 የናሽናልስ ልጅ ነበር። በ2011 ቬኔዙዌላ ውስጥ ከቤቱ ደጃፍ ታግቶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በሕይወት የተገኘ ሰው ነው። በ2016 .307 እየመታ ውድድሩ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ቀኝ ጉልበቱ ተቀደደ። ያው ጉልበት በ2012ም ተቀዶ ነበር። ያኔ ሳይመለስ ወደ ታምፓ ሄደ። «ዕዳ አለብን» ይላል ጓደኛዬ።

በ2018 .306 መትቷል፤ በዱላ ከሦስቱ አማካዩ ከፍ ያለው እሱ ነው። ግን 31 ዓመቱ ነው። ቁጢጥ ብሎ ለሚውል ሰው ሁለት ጊዜ የተጠገነ ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዝቅ ያለች ኳስ ላይ ይዘገያል። ሜትስ በ19 ሚሊዮን ለሁለት ዓመት ወሰደው። .288 መታ፤ በ26 ተከታታይ ጨዋታዎችም ሳይመታ አልወጣም። በአንጻሩ ፒቸሩ ኖአ ሲንደርጋርድ ከእሱ ጋር መጣመር እንዳልወደደ በዚያው ዓመት በሰፊው ተወርቷል። ዱላ ብቻ ፈልጎ ለሚገዛ ቡድን ራሞስ በዚያ ዋጋ ጥሩ ግዢ ነበር። ውድ ውድ ፒቸሮች ለደረደረ ቡድን ግን አይመከርም። ናሽናልስ ደግሞ ሸርዘርንና ስትራስበርግን ይዞ ነበር።

ሪዞ የገዛው

ከሁሉ ቀድሞ፣ እኛ ገና እየተጨቃጨቅን፣ በኖቬምበር ከርት ሱዙኪ ፈረመ። የ35 ዓመት ሰው፣ ከሃዋይ፣ ለሁለት ዓመት 10 ሚሊዮን። ከዚህ በፊትም እዚሁ ተጫውቷል። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ያን ጎምስ በልውውጥ ከክሊቭላንድ መጣ። ጎምስ ሳኦ ፓውሎ የተወለደ፣ በሜጀር ሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ብራዚላዊ ነው። የሁለቱ የ2019 ደሞዝ ተደምሮ 11 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ጓደኛዬ ደወለ። «ሁለት ግማሽ ሰው አንድ ሙሉ አይወጣውም» አለኝ። እኔም ሪያልሙቶን አጥቼ ስለተናደድኩ አልተከራከርኩትም። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት የተረፈው ብር ነው። ከቀናት በኋላ፣ በዲሴምበር፣ ናሽናልስ ፒቸሩን ፓትሪክ ኮርቢንን በ140 ሚሊዮን ለስድስት ዓመት አስፈረመ። ካቸር ላይ ቢያፈሰው ኖሮ ለዚያ ይህን ያህል እጁ ይዘረጋ ነበር ብዬ አላምንም። የኮርቢን ውል በኋለኞቹ ዓመታት መሪር ሆኗል፤ እሱን አልክድም። በ2019 ግን 14 ጨዋታ አሸነፈ።

አሁን ቁጥሮቹን እናስተያይ። ሱዙኪና ጎምስ በ2019 በድምሩ 29 ሆም ረን መቱ፣ 106 ነጥብ አስገቡ። ሪያልሙቶ ለብቻው 25 መታ፣ 83 አስገባ። ሁለት ሰው ከአንድ ሰው የበለጠ ጊዜ ዱላ ስለሚይዝ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። በክንድ ካወዳደርናቸውማ ሪያልሙቶ ብቻውን ይበልጣቸዋል። ሱዙኪ ላይ ሯጮች እንደልባቸው ነበር የሚሰርቁት። ቢሆንም ሶቶም ሮብሌስም ቤታቸው ቀሩ፣ ኮርቢን መጣ፣ ካቸሮቹም እየተፈራረቁ ጉልበታቸውን አሳረፉ።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጀመረ፤ ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። ሴፕቴምበር 3 ከሜትስ ጋር በመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር) 10 ለ 4 እየተመራ ሳለ ሰው ከናሽናልስ ፓርክ መውጣት ጀምሮ ነበር። ሰባት ነጥብ አገቡ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ያመጣው የሱዙኪ ሆም ረን ነው፤ 11 ለ 10። በዎርልድ ሲሪስ፣ እስከ ሰባት ጨዋታ በሚዘልቀው የዓመቱ ፍጻሜ፣ ከሂዩስተን ጋር በነበረው ሁለተኛ ጨዋታ፣ 2 ለ 2 እያሉ፣ ጀስቲን ቨርላንደርን መትቶ መሪነቱን የሰጠውም ያው ሽማግሌ ነው።

በሦስተኛው ጨዋታ ሱዙኪ ዳሌው አካባቢ ተጎድቶ ወጣ። አንዱ ባላ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ ጎምስ ያዘ። ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይ፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ሲዘጋ ከፊቱ ተቀምጦ የሚቀበለው ጎምስ ነበር። የመጨረሻዋን ስትራይክም እሱ ጨበጣት። 6 ለ 2፤ ናሽናልስ ሻምፒዮን ሆነ።

ዛሬ ብገዛ

ያው ገበያ ዛሬ ቢከፈት ዋጋው እንደዚያው አይሆንም። በ2023 ቤዞቹ ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፉ፤ ፒቸሩ ሯጩን ለመጠበቅ የሚያደርገው ማቋረጥም ተገደበ። በ2022 2,486 የነበረው የተሰረቀ ቤዝ በአንድ ዓመት 3,503 ደረሰ። ስለዚህ ክንድ ተወደደ። ሱዙኪን ዛሬ እንደ ዋና ካቸር አልገዛውም፤ ያስዘርፈኛል።

ፍሬሚንግ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ወርዷል። ከ2026 ጀምሮ መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ የዳኛውን ውሳኔ በካሜራ እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለአንድ ቡድን ሁለት ዕድል ይሰጠዋል፣ ልክ ከሆነ አይቆረጥበትም። ቀሪዎቹን ኳሶች የሚወስነው አሁንም ሰው ነው። ግራንዳል ስለዚህ ያኔ ከነበረው ቢቀንስም ዛሬም ይገዛል። እኔ ግን አሁን ከጓንቱ ይልቅ ዓይኑን ነው የማየው። ካቸር ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ስለሚያይ፣ መቼ ልጠይቅ፣ መቼ ልተው የሚለውን የሚያውቅ ሰው አዲስ ዕቃ ሆኗል።

ሪያልሙቶን የመሰለ ካገኘህ፣ የሚጠየቀውም አንድ ሶቶ እስካልሆነ ድረስ፣ አታቅማማ። ካልሆነ ሁለት መካከለኛ ገዝተህ የተረፈውን ፒቸር ላይ አውለው። ከሁለቱ አንዱ ግን ክንድ ይኑረው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ አይቀበልም። ሰባተኛው ጨዋታ እንዳለቀ፣ ከተማው በጥሩምባ እየተናጠ፣ ደውዬለት ነበር። «አየህ አይደል?» አልኩት።

«ራሞስ ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ያልቅ ነበር» አለኝ።